የድንጋይ ሌባ

ሪያድ፣ መላዝ በሚባለው ሰፈር ተቀጥሬ እሠራበት ከነበረው ቤት ድንጋይ መጥፋት የጀመረው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት መግቢያ ላይ ነው። ድንጋይ ስል የቴፕ ድንጋይ ማለቴ ነው። እኛ ወሎ ባትሪ የምንለው የእጅ መብራቱን ስለሆነ፣ ውስጡ የሚገባውን ድንጋይ እንለዋለን።

መጀመሪያ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሆዱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ማዳም ልጆቿን ተቆጣችና ሌላ ድንጋይ አስገዛች። ቀጥሎ የኤሲው ሪሞት ተራ ደረሰ። ከዚያ የትንሹ ልጅ መኪና ምንጣፍ ላይ እንደቆመች ቀረች፤ ክዳኗ ሲከፈት ምንም የለም። የሳሎኑ የግድግዳ ሰዓት ቆሞ ባባ የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ከጀመዓ ሲያመልጠው ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ።

ባባ የምለው የቤቱን አባወራ ነው። ከፊሌ፣ ማለት አሠሪና ዋሴ ነበር፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የወጣው በእሱ ስም ነው። ጺሙን ያስረዘመ፣ ሲቆጣ እንኳን ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ እንዲሰማ የማይፈቅድ ሰው ነበር። ቴሌቪዥን ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ዘፈን ከጀመረ ልጆቹ ራሳቸው ሮጠው ድምፁን ያጠፉታል። ማዳም ሚስቱ ናት። አብራቸው የምትኖረውን የባባን እናት ደግሞ «ማማ ከቢር» እላታለሁ፤ እኛ ሠራተኞች በምንናገረው ስብርባሪ ዐረብኛ ትልቋ እማማ ማለት ነው። ዐረብኛ አንቱታ ስለሌለው፣ አያቴን የምታህል ሴት አንቺ ማለት መጀመሪያ ምላሴ ላይ ከብዶኝ ነበር። ኋላ ለመድኩት። ዛሬም ስለ እሷ ሳወራ አንቱታው አይመጣልኝም።

ስለ ሌባው ከሁሉም አብልጣ የምትጮኸው ማማ ከቢር ነበረች። «ሐራሚ! እዚህ ቤት ሐራሚ አለ!» እያለች ከክፍሏ ትወጣና ወለሉን በምርኩዟ ትመታለች። ሐራሚ ማለት ሌባ ነው። ይህን ስትል የምታየው ጣሪያውን ወይም ልጆቹን አይደለም። እኔን ነው።

ጊዜው ለሐበሻ ክፉ ጊዜ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ኢቃማ የሌለው ወገን ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ሀገሩ ተመልሷል። እኔ ወረቀቴ የተሟላ ቢሆንም ከቤት መውጣት ትቼ ነበር፤ ሰው እኛን የሚያይበት ዓይን ተለውጦ ነበር። ማዳም ደግሞ ከእህቷ ጋር በስልክ በተነጋገረች ቁጥር ስለ ሠራተኞች አንድ አዲስ ወሬ ትሰማለች፤ አንዷ በፀጉር ድግምት ሠራች፣ ሌላዋ በጥፍር ሠራች። በድንጋይ ምን ዓይነት ድግምት እንደሚሠራ ራሷም አልገባትም መሰለኝ፣ ዝም ብላ በዓይኗ ታጠናኛለች። ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ስወጣ ክፍሌ ገብታ እንደምትፈትሽ አውቅ ነበር። ትራሴን ሁልጊዜ ገልብጣ ነው የምትመልሰው።

እኔም አልተኛሁላቸውም፤ ሁሉንም እጠረጥር ነበር። ትልቁ ልጅ መስሎኝ ቦርሳውን ዳሰስኩ። ማዳም ራሷ ልታባርረኝ ምክንያት ፈልጋ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። የጎረቤቱ ቤት ሠራተኛ የጅማ ልጅ ነበረች፤ ጣሪያ ላይ ልብስ ስናሰጣ በመሐላችን ባለው ግንብ ላይ ተንጠልጥለን እናወራለን።

«እህቴ፣ ይሄ ወጥመድ ነው» አለችኝ። «አንድ ቀን ድንጋዩን ሻንጣሽ ውስጥ ከተው ያወጡታል። ከዚያ ኸላስ፣ ተርሂል ነሽ!»

ተርሂል የሚባለው ወደ ሀገር የሚባረር ሰው የሚታጎርበት ቦታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻንጣዬን ጠዋትም ማታም መፈተሽ ጀመርኩ። በአንድ ቤት ውስጥ የእኔን ክፍል ማዳም ትፈትሻለች፣ እኔም እፈትሻለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የማማ ከቢርን አንሶላ ልቀይር ገባሁ። እሷ ውዱእ ልታደርግ መታጠቢያ ቤት ነበረች። አቧራ ልጠርግ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ቀጫጭን ድንጋዮች ተሰልፈው ጸሐይ ይሞቃሉ። የኤሲው አለ፣ የመኪናዋ አለ፣ የሰዓቱም አለ።

የዚያ ቤት ሰው ሌላ ማንም ቢያየው ምን እንደሆነ አይገባውም ነበር። እኔ ግን በዚህ ነገር መሐል ነው ያደግሁት። አባቴ ቴፕ ነበረው። ቴፑ እናቴ በጥልፍ የሰፋችለት ልብስ ነበረው፤ እኛ ልጆቿ ጥልፍ ልብስ አልነበረንም። ድንጋዩ ሲደክም ሴቷ ዘፋኝ ቀስ በቀስ ወንድ ትሆናለች፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስትደርስ ሽማግሌ ሆና ታርፋለች። ያኔ አባቴ ድንጋዮቹን አውጥቶ አንድ በአንድ በጥርሱ ይነክስና እናቴ በርበሬ ባሰጣችበት ሰፌድ ዳር ጸሐይ ላይ ያሰልፋቸዋል። አንድ ቀን ከበርበሬው ጋር ተቀላቅለው ነበርና ሳያራግፍ ነክሶ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። ጥርጣሬውም አይጣል ነበር። ገበያ ሲሄድ እንዳንነካበት የድምፁን መዘውር በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎበት ይሄዳል። እኛም ሰምተን ስናበቃ ክሩን በእስክሪብቶ ቀፎ አዙረን፣ መዘውሩን ምልክቱ ላይ መልሰን እንጠብቀዋለን።

ስለዚህ መስኮቱ ላይ ያየሁት ነገር አልጠፋኝም። እዚህ ክፍል ውስጥ ቴፕ አለ።

መጋረጃውን መልሼ ዞር ስል ማማ ከቢር በሩ ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ ላይ ውኃው ይንጠባጠባል።

«ምን አየሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ዋሸሽ።»

«አዎ» አልኳት።

በሩን ዘጋችው። አልጋው ሥር ካለው የብርድ ልብስ ጥቅል ውስጥ መዳፍ የምታህል አሮጌ ቴፕ አወጣች። ሶኬቱ የሚገባበት ቀዳዳ ተሰብሯል፤ ያለ ድንጋይ አይሠራም። ድንጋይ ግዙልኝ እንዳትል ለምንሽ ነው ይሏታል። ውስጡ አንድ ካሴት ነበር፣ ጽሑፍ የሌለው።

«ለማዳም ብትነግሪ» አለችኝ ጣቷን ወደ አፍንጫዬ ቀስራ፣ «አንቺ ሰርቀሽ እኔ ክፍል እንደደበቅሽው እምልብሻለሁ።»

እንዲህ ነው ወዳጅነታችን የተጀመረው።

ዓርብ ቀን ባባና ልጆቹ ለጁምዓ ይወጣሉ፣ ከዚያም ወንድሙ ቤት ምሳ በልተው ነው የሚመለሱት። ማዳም ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ቤቱ ለእኛ ይቀራል። ማማ ከቢር ሰላቷን እንደጨረሰች ትጠራኛለች፤ እኔ በሩ አጠገብ፣ እሷ አልጋዋ ላይ ሆነን እንሰማለን። የሴቶች የሠርግ ጭፈራ ነበር። ድቤ ይመታል፣ ጭብጨባ አለ፣ እልልታ አለ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ሕፃን ሳያቋርጥ ያለቅሳል። ከሁሉም በላይ አንዲት ጎርናና ድምፅ ያላት ሴት ታዜማለች። ዐረብኛው የድሮ የነጅድ ዐረብኛ ስለሆነ ግማሹ አይገባኝም ነበር። ማማ ከቢር ስትተረጉምልኝ ግን በሳቅ ሞትኩ፤ ዘፋኟ የሙሽራውን እናት ሥጋውን የት ደበቅሽው እያለች ነበር የምታፋጥጣት። የእኛም ሀገር የሠርግ አዝማች ሴቶች የሙሽራ ዘመድ ሲሳደቡ እንዲሁ ነው።

«ዘፋኟ ማናት?» አልኳት።

«ሞታለች። አላህ ይርሐማት» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

አላመንኳትም። እሷም አላመነችኝም። በአንዱ ሳምንት የወርቅ አምባሯን በሚስጥር ልትሸጥ እንደሆነ በጆሮዬ ነገረችኝ። ወዲያው ገባኝ፤ ወሬው ማዳም ጋ ይደርስ እንደሆነ ልትለካኝ ነው። እንደ እሷ ያለ ተጠራጣሪ ቤት ያደግሁ ልጅ በዚህ አልያዝም። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ማዳም በገባች በወጣች ቁጥር ማማ ከቢር ፊቷን ታጠናለች። ምንም ሳታገኝ ስትቀር ቅር ያላት መሰለኝ።

ከዕለታት አንድ ዓርብ ቴፑ ክር በላ። ዘፋኟ በመሐል ተጨማደደችና ድምፁ ተቋረጠ። እኔ ደንግጬ ክዳኑን ከፍቼ ክሩን ከጥርሱ ላይ በጥንቃቄ ሳላቅቅ፣ ከኋላዬ ዜማው ካቆመበት ቀጠለ። ያው ጎርናና ድምፅ፣ ያው ስንኝ፣ ትንፋሹ ብቻ አጥሯል። ዞር አልኩ። ማማ ከቢር ዓይኗን ጨፍና ጉልበቷን በመዳፏ እየመታች ነበር።

«ሞታለች አላልሽም?» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። «ዝም ብለሽ ክሩን አውጪ» አለችኝ።

በኋላ በትንሽ በትንሹ ነገረችኝ። በወጣትነቷ ድቤ እየመታች በየሠርጉ የምታዜም ሴት ነበረች። በዚያ ሥራ የሚኮራ ቤተሰብ የለም፤ ልጇም ካደገ በኋላ እንዲነሣበት አይፈልግም። እሱ ጎረምሳ ሳለ ሃይማኖቱን ሲያጠብቅ ቤት ውስጥ የነበረውን ካሴት ሁሉ ለቅሞ፣ ክሩን እየመዘዘ ጥሎታል።

በዚሁ ሁኔታ ወራት አለፉ። አንድ ዓርብ እኛ ሳናውቅ ወንድሙ ከተማ ውስጥ አልነበረምና ባባ ምሳ ሳይበላ ከመስጊድ ቀጥታ መጣ። ድቤው ስለሚጮኽ በር ሲከፈት አልሰማንም። ቀና ስል ክፍሉ በር ላይ ቆሟል፤ ልጆቹ ሳሎን ቀርተዋል።

ማማ ከቢር ዓይኗን ሳታሽ «የሐበሻዋ ነው!» አለች።

ስንት ዓርብ አብሬያት ተቀምጬ! ባባ ወደ እኔ ዞረ።

«ያንቺ ነው?» አለኝ፣ ያንኑ ቀስ ያለ ድምፁን ይዞ።

አዎ ብል ተርሂል፣ አይደለም ብል እናቱን ውሸታም ማድረግ። ይህን ጊዜ ካሴቱ ውስጥ ካሉት ሴቶች አንዷ በእልልታው መሐል ጮኸች። ዘፋኟን በርቺ ልትላት ነው። እዚያ ሀገር እናትን የሚጠሩት በበኩር ልጇ ስም ነው፤ ሴትዮዋም «የእገሌ እናት፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው!» አለች። እገሌ ያልኩት የባባን ስም ነው። ጥርት ብሎ ተሰማ።

ካሴቱ ውስጥ ያለው ሕፃን ብቻ ያለቅሳል።

ባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሁሉንም የጣልኩ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ሁሉንም ጥለሃል» አለች እናቱ። «ይሄ ዱቄት ውስጥ ነበር።»

«የሚያለቅሰው ማነው?»

«አንተ ነህ እንጂ ማን ይሆናል! ጡት ስትፈልግ። ጠብቅ ብልህ እምቢ አልክ።»

ባባ ወደ እኔ ሳያይ «ውጪ» አለኝ። ወጣሁ። ወጥ ቤት ሆኜ ጆሮዬን ባቆም ምንም አይሰማም።

የዚያን ዕለት ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። የጅማዋ ልጅ በግንቡ ላይ ሆና «ሰውዬው ዝም ካለሽ እንዴት ተርሂል እንደሚያስገባሽ እየጠየቀ ነው ማለት ነው። ዝምታቸውን ነው መፍራት» ስትለኝ ይብስ ፈራሁ። ማማ ከቢርን ደግሞ አኩርፌያት ነበር። ምሳዋን ሳስገባ ሳላያት አስቀምጬ እወጣለሁ። በሦስተኛው ቀን እጄን ያዘችኝ።

«ምን እንድል ነበር የፈለግሽው?»

«እውነቱን።»

«አንቺን ቢያባርርሽ ሌላ ቤት ትገቢያለሽ። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም፤ ታናሽ ወንድሙ የእንጀራ ልጄ ነው» አለችኝ። ይቅርታ መሆኑ ነው። እጄን ግን እስክቀመጥ አልለቀቀችም።

በሳምንቱ ባባ ወጥ ቤት መጥቶ ጥቁር ፌስታል አቀበለኝ። «ለእናቴ» አለና ሄደ። ከፍቼ ባይ እሽግ ድንጋይ ነው። የጅማዋ ልጅ የነገረችኝ ወጥመድ ትዝ ብሎኝ በእጄ እንኳን ሳልነካው፣ ፌስታሉን በሁለት ጣቴ ይዤ አደረስኩ።

ከዚያ ወዲህ ባባ ዓርብ ዓርብ ከወንድሙ ቤት ቶሎ እየተመለሰ እናቱ ክፍል ይገባና በሩን ይዘጋል። ልጆቹን ወንድሙ ጋ ይተዋቸዋል። እኔ ከዚያ ጨዋታ ወጣሁ። ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ማዳም ይህን አወቀች። ከእናቷ ቤት ስትመለስ ያወቀችው ግን በሩ መዘጋቱን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ዓርብ ዓርብ እናትና ልጅ ምን ያወራሉ?»

«አላውቅም ማዳም።»

«የሴት ስም ሲያነሡ ሰምተሻል?»

«ወላሂ አልሰማሁም።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ሽንኩርቱ ነው ማዳም።»

አላመነችኝም። ቃሉን ራሷ አላወጣችውም እንጂ የጠረጠረችው ገብቶኛል፤ አማቷ ለባሏ ሁለተኛ ሚስት እየፈለገችለት ነው ብላለች። የባሏን ሻማግ፣ ራሱ ላይ የሚያደርገውን ጨርቅ፣ አንሥታ ስታሸት አይቻታለሁ። ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ድምፅዋ ይርገበገባል። ጣሪያ ላይ ሆኜ ለጅማዋ ልጅ ብነግራት «እውነት ካገባ እኮ ያንቺ ሥራ በእጥፍ ሆነ ማለት ነው!» ብላ የራሴን ጭንቅ አመጣችብኝ።

ማዳም አሳዘነችኝ። ማማ ከቢር ዘንድ ገብቼ «ሁለተኛ ሚስት ልታመጪበት መስሏታል፣ እባክሽ ንገሪያት» አልኳት። አሮጊቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«እውነትሽን ነው? እኔ ደግሞ ሰሞኑን ምን ነካት እያልኩ ነበር! ትናንት ማታ እግሬን በዘይት አሸችልኝ።» ትንሽ አሰበች። «ተያት። ትጠርጥር።»

እውነትም ማዳም አማቷን በማር መያዝ ጀምራ ነበር። ቴምሩ ፍሬው ወጥቶለት ይቀርባል። እግሯ ይታሻል። ማማ ከቢር ይህን ሁሉ እንደ ንግሥት ትቀበላለች፤ ማዳም ስትወጣ እኔን በአንድ ዓይኗ ትጠቅሰኛለች። እኔ ግን ማዳም ፊቷ እየገረጣ ሲሄድ እያየሁ ሳቁ አልመጣልኝ አለ።

የተገላገልነው ማዳም ራሷ ስትቆርጥ ነው። አንድ ዓርብ እናቷ ቤት ሄድኩ ብላ ወጣችና ከመንገድ ተመለሰች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ለእኔ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ ብላኝ በኮሪደሩ ሄደች። ተከተልኳት። በሩን በአንድ ጊዜ በረገደችው።

ባባ ሻማጉን አውልቆ ትራስ ላይ ጥሎታል። መሬት ተቀምጦ የምግብ ትሪ ገልብጦ ይዞ በጣቶቹ እየደበደበ ነው። እናቱ ታዜማለች፤ እሱ እየሳተ እሷ ትገስጸዋለች። ሲያየን እጁ ትሪው ላይ ቀረ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ማዳም ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። መጋረጃውን ሁሉ ገልጣ አየች። ከመጋረጃው ኋላ ሌላ ሴት የምታገኝ መስሏት እንደሆነ አላውቅም።

«ይሄው ነው?» አለች። «ይሄው ብቻ?»

«ሌላ ምን ይኖራል?» አለ ባባ።

ማዳም የበሩ ደፍ ላይ ዘፍ ብላ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች። ባባ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም፤ እናቱን ቢያይ እናቱ ጣሪያውን ታያለች። ማማ ከቢር በመጨረሻ ማዳምን ጠርታ አልጋዋ ላይ አስቀመጠቻት። «ሁለተኛ ሚስት አላመጣበትም» አለቻት። «አንዷን ለማሠልጠን ስንት ዓመት ፈጀብኝ! የእግሬን ነገር ግን እንዳታቋርጪ።»

ከዚያ በኋላ ሳሎን ውስጥ ሙዚቃ ተለቀቀ ማለቴ አይደለም። ባባ ያው ባባ ነው፣ ልጆቹም የማስታወቂያውን ድምፅ ማጥፋታቸውን አልተዉም። የማማ ከቢር ክፍል ግን ራሱን የቻለ ሀገር ሆነ። ማዳም መጀመሪያ ለመቆጣጠር ትገባ ነበር፣ ኋላ ግጥሙን መማር ጀመረች። ትራሴም ተገልብጦ መገኘቱን አቆመ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ላይ ኮንትራቴ አልቆ ወደ ሀገሬ ልመለስ ሆነ። በመሄጃዬ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬን ሳሎን አወጣሁ። ባባ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያደርሰኝ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። ማማ ከቢር ወለሉን በምርኩዟ እየመታች ከክፍሏ ወጣች።

«ሻንጣዋ ይፈተሽ!» አለች።

«እናቴ፣ ነውር ነው» አለ ባባ፣ እኔን ማየት አፍሮ።

እኔ ግን አውቃት ስለነበር ሳልናደድ ተንበርክኬ ከፈትኩላት። ጎንበስ ብላ ልብሴን አንድ በአንድ በእጇ ዳሰሰች። የፀጉር ቅባቴን አወጣች፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፣ መልሳ ዘጋችው። ለእናቴ የገዛሁትን ሻሽ ዘርግታ አየችና ከመጀመሪያው አሳምራ አጠፈችው። ያገኘችው ነገር አልነበረም። ልዘጋው ስል ሻንጣው ስለሞላ ዚፑ እምቢ አለኝ።

«ዞር በይ» አለችኝና በሙሉ ክብደቷ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ዚፑን ዙሪያውን ሳብኩት፤ ተዘጋ።

«ያላ፣ ዘገየን» አለ ባባ።

ማማ ከቢር ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ ሻንጣዬ ላይ ተመቻቸች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አውሮፕላኑ ይሂድ» አለች። «እኔ አልነሣም።»